የጽሕፈት ሰዓት ከማን ይወሰዳል?

(በጉርድ ሾላ ለማኅበሩ አባላትና ለሥራ ባልደረቦቻቸው የቀረበ ንግግር)




ይህ ስብሰባ የሚካሄድበት ሰፈር የሚጠራው በዛፍ ስም ነው። ጉርድ ማለት የተቆረጠ ማለት ሲሆን፣ ሾላ ደግሞ ግንዱ ቢቆረጥ ከጉቶው የሚያቆጠቁጥ፣ ፍሬውንም በግንዱና በወፍራም ቅርንጫፎቹ ላይ ተጠግቶ የሚያፈራ ዛፍ ነው። ዛሬ በጉርድ ሾላ ከዛፉ ይልቅ ሕንፃውና መንገዱ ይታያል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ከአያት፣ ከሰሚትና ከሲኤምሲ የሚመጣው ሠራተኛ ወደ መገናኛ ለመድረስ ይሽቀዳደማል፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም ሰው ጭኖ ያልፋል፤ ሕፃናት የምሳ ዕቃቸውን ይዘው በየደጁ የትምህርት ቤት መኪና ይጠብቃሉ። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል በቦርሳው ውስጥ ያልተጨረሰ ልቦለድ ወይም ግጥም የያዘ ሰው አይታጣም። ከማኅበሩ አባላትም አያሌዎቹ ከነዚህ መንገደኞች ወገን ናቸው።

እንዲህ ያለው ሰው ድርሰቱ ከምን እንደ ደረሰ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ በአብዛኛው አንድ ነው፤ «ጊዜ አጣሁ» ይላል። መልሱ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ሙሉ አይደለም። ጊዜ እንደ ቁልፍ ወይም እንደ መነጽር የሚጠፋ ዕቃ ባለመሆኑ፣ «ጠፋ» የተባለው ሰዓት የት እንደ ገባ፣ «ተገኘ» የተባለውም ከየት እንደ መጣ መመርመር ይኖርበታል። የዚህ ንግግር ዓላማ ይኸው ምርመራ ነው።

በመጀመሪያ ሊጤን የሚገባው ነገር፣ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ በአመዛኙ ሌላ ሥራ በነበራቸው ሰዎች እጅ የተጻፈ መሆኑ ነው። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመውን የመጀመሪያ የአማርኛ ልቦለድ የጻፉት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በኢጣሊያ አገር ኔፕልስ ከተማ አማርኛ ያስተምሩ ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ከ20 በላይ መጻሕፍት ሲያበረክቱ ከመንግሥት ሥራ አልተለዩም፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እስከ መሆንም ደርሰዋል። ሐዲስ ዓለማየሁ አርበኛ፣ በኢጣሊያ እስረኛ፣ ቀጥሎም ዲፕሎማትና ሚኒስትር ነበሩ። ብርሃኑ ዘሪሁን ጋዜጣ እያዘጋጀ ልቦለድ ጻፈ። በዓሉ ግርማም በጋዜጠኝነትና በማስታወቂያ ሚኒስቴር ኃላፊነት ላይ ሆኖ ከ1962 እስከ 1975 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ስድስት ልቦለዶችን አሳትሟል።

ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ጠባይ አይደለም። በግብፅ ናጊብ ማሕፉዝ ከ1934 እስከ 1971 እ.ኤ.አ. የመንግሥት ሠራተኛ ሆነው ኖረዋል። በ1988 እ.ኤ.አ. የኖቤልን ሽልማት ያስገኙላቸው ዐበይት ልቦለዶች ከመሥሪያ ቤት መልስ በተወሰነ ሰዓት እየተጻፉ የተጠራቀሙ ናቸው።

ከሥራ መውጣትስ መፍትሔ አይሆንም ወይ? የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። አቤ ጉበኛ ደመወዝን ትተው በብዕራቸው ለመኖር ከደፈሩት ጥቂቶች አንዱ ነበሩ፤ ድፍረታቸው ሊከበር ይገባል። ሆኖም በ1955 ዓ.ም. የታተመው «አልወለድም» በታገደ ጊዜ የታየው ነገር አለ፤ በብዕሩ ብቻ ለሚተዳደር ሰው መጽሐፍ ሲታገድ እንጀራም አብሮ ይታገዳል። በዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» በተሰኘው ልቦለዱ ይህንኑ ችግር ከሁለት ወገን አሳይቶታል። በአንድ በኩል አበራ አለ፤ ጥሩ የመንግሥት ሥራ ይዞ ልቡ ግን ወደ ኪነ ጥበብ የሚሸፍትበት፣ ታላቅ ወንድሙም ትዳር ያዝ፣ ወግ ማዕረግ እይ እያለ የሚወተውተው ሰው ነው። በሌላው በኩል ደግሞ ለድርሰት ሲል ሌላውን የተወ ጓደኛው አለ። ደራሲው ሁለቱንም አላቀናጣቸውም። አንባቢም መጽሐፉን ሲዘጋ ከሁለቱ የትኛው እንደ ተጠቀመ በቀላሉ ሊፈርድ አይችልም።

እንግዲህ የቢሮ ሥራ ብቻውን የድርሰት ጠላት እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል። ነገር ግን ከላይ የተዘረዘሩትን ታላላቅ ስሞች ጠቅሶ «እነሱ ከቻሉ ሌላውም ይችላል» ብሎ ማቆም ሚዛናዊ አይሆንም። የደራስያን ታሪክ ሲጻፍ የሥራ ቦታቸው ይጠቀሳል፤ ሹመታቸውና ሽልማታቸው ይዘረዘራል። እነሱ በሚጽፉበት ሰዓት ልጁን ያጠበው፣ ወጡን የሠራው፣ እንግዳውን የተቀበለው፣ ለቅሶ የደረሰው ማን እንደ ነበረ ግን ብዙ ጊዜ አይጻፍም።

አንቶኒ ትሮሎፕ የተባለው የ19ኛው መቶ ዘመን እንግሊዛዊ ደራሲ የፖስታ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሲሆን 47 ልቦለዶችን ጽፏል። በየቀኑ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከጠረጴዛው ይቀመጥና ሰዓቱን ፊት ለፊቱ አድርጎ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃላት ይጽፍ ነበር። ለሥራ ሰው ምሳሌ ሲፈለግ ይህ ትጋቱ በየቦታው ይጠቀሳል። ይሁንና ትሮሎፕ ራሱ በሕይወት ታሪኩ ውስጥ ሌላም ነገር አስፍሯል። በዚያ ሰዓት የሚቀሰቅሰውና ቡና የሚያቀርብለት አንድ ሽማግሌ አሽከር ነበር፤ ለዚህም አገልግሎት በዓመት 5 ፓውንድ ተጨማሪ ይከፈለው ነበር። ደራሲው በ11 ሰዓት ተኩል እንዲጽፍ ሽማግሌው ከዚያ በፊት መነሣት ነበረበት። ትሮሎፕ ይህን አልደበቀም፤ ለዚያ ሰው የሚገባው ምስጋና ከማንም እንደሚበልጥ አምኗል። ከብዙዎች የሚሻልበትም በዚሁ ነው።

የነገሩም ፍሬ ይኸው ነው። የጽሕፈት ሰዓት ከሰማይ አይወርድም፤ ምንጊዜም ከአንድ ሰው ይወሰዳል። ስለዚህ በሥራና በቤተሰብ መካከል የተያዘ ጸሐፊ «ሰዓት ከየት ላግኝ?» ከማለቱ በፊት «የማንን ሰዓት ልወስድ ነው? አስፈቅጃለሁ ወይ? በምንስ እመልሳለሁ?» ብሎ ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል።

ሰዓቱ የሚወሰድባቸው አራት ቦታዎች አሉ።

አንደኛው መሥሪያ ቤቱ ነው። በቢሮ ሰዓት፣ በቢሮ ወረቀት የተጻፈ ድርሰት መኖሩ የታወቀ ነው፤ እንደ ብልጠት ሲወራም ይሰማል። ነገር ግን ያ ሰዓት የአለቃው ብቻ አይደለም። ከደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፊርማ የሚጠብቅ ባለጉዳይ አለ። ስለ ድኻ እንባ የሚጽፍ ሰው ድኻውን «ነገ ተመለስ» ብሎ ከሸኘው፣ ምዕራፉ ቢያምርም ከመነሻው ጉድለት አለበት።

ሁለተኛው የጸሐፊው የራሱ እንቅልፍ ነው። ሌሊት ሁሉ ጸጥ ሲል መጻፍ ደስ ያሰኛል። ሆኖም የሰው አካል ብድር ይመዘግባል። ጉርድ ሾላ የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ጽሕፈት ቤት የሚገኝበት ሰፈር ነው፤ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ የሚሮጥ ሯጭ በጊዜ መተኛትም የልምምዱ ክፍል መሆኑን ያውቃል። በማለዳ ለመጻፍ የሚፈልግ ጸሐፊ የማታውን ወሬና የማታውን ቴሌቪዥን መተው አለበት እንጂ ማታንም ማለዳንም ሊይዝ አይችልም። ይልቁንም ሐኪም፣ ነርስ ወይም ሾፌር ከሆነ የእንቅልፉ ጉድለት የሌላ ሰው ሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

ሦስተኛው የትዳር ጓደኛና የልጆች ሰዓት ነው። ይህን በሚመለከት ጥቂት ቆይቶ በምሳሌ ይነገራል።

አራተኛው፣ በአዲስ አበባ ብዙ ጊዜ የማይነሣው፣ የቤት ሠራተኛዋ ሰዓት ነው። በብዙ ቤት ባልም ሚስትም ቢሮ ውለው የሚመለሱት፣ ከዚያም አንዳቸው ለመጻፍ የሚቀመጡት፣ ከገጠር የመጣች አንዲት ልጅ ቤቱን ስለ ያዘች ነው። ከነዚህ ልጃገረዶች ብዙዎቹ የማታ ትምህርት ይማራሉ። ጸሐፊው ምዕራፉን ልጨርስ ብሎ ልጅ እንድትይዝ ሲያስቀራት፣ እሷ የመጀመሪያ ፊደሏን የምትቆጥርበትን ሰዓት ወስዶ የራሱን ፊደል ይደረድርበታል። ስለ እውቀት ብርሃን የሚጽፍ ብዕር ይህን ያህል ጨለማ ከጀርባው መተው አይገባውም።

አሁን ምሳሌው ይቀርባል። በዚህ አካባቢ የሚኖር አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ይታሰብ። ብዙዎች ራሳቸውን ሊያዩበት ስለሚችሉ ስም አያስፈልገውም። ባለቤቱ ነርስ ናት፤ በፈረቃ ትሠራለች። ሁለት ልጆች አሏቸው። ውሃ በፈረቃ የሚመጣው በሌሊት ስለሆነ ከሁለት አንዳቸው ነቅተው በርሜል መሙላት አለባቸው። ሰውየው ከጀመረው ሦስት ዓመት የሆነው ልቦለድ አለው። ከራት በኋላ ወደ ጓዳ ገብቶ በሩን ይዘጋል። ልጆቹ ሲንጫጩ ይቆጣል። ጠዋት ተኝቶ ስለሚያረፍድ ልጆቹን የምታለብሰውና የምትሸኘው ሚስቱ ናት።

አንድ ምሽት ይኸው ሰው «በዚህ ቤት ውስጥ መጻፍ አይቻልም፤ ጊዜ አጣሁ እኮ!» ይላል። ሚስቱ አትቆጣም። «አንተስ ማጣትህን የምትነግረው ሰው አለህ» ትለዋለች። ከቁም ሣጥን ሥር ሻንጣ ስባ አንድ ደብተር ታወጣለች። ነርስነት በምትማርበት ጊዜ የጻፈቻቸው ግጥሞች ናቸው። የመጨረሻው ግጥም ቀን ተጽፎበታል፤ የመጀመሪያ ልጃቸው ከመወለዱ አንድ ወር በፊት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ገጽ ሁሉ ባዶ ነው። ባልየው ደብተሩ መኖሩን አያውቅም ነበር፤ ለሦስት ዓመት የጻፈበት ሰዓት ከየት እንደ መጣ ያየው ያን ጊዜ ነው።

ምሳሌው ይኸው ነው፤ እውነተኛ መሆኑን ግን ብዙ ቤት ይመሰክራል። የኢትዮጵያ ሥነ ጽሑፍ በሴቶች ስም ያለው ድርሻ ለምን አነስተኛ እንደ ሆነ ሲጠየቅ፣ የተሰጥኦ ጉዳይ ተደርጎ የተነገረበት ጊዜ አለ። ነገሩ ግን የሰዓት ጉዳይ ነው። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን እየመሩ፣ ኋላም በሕዝብ ተመርጠው የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆነው ሲያገለግሉ ጽፈዋል። «የልቤ መጽሐፍ» በ1942 ዓ.ም. ታትሟል፤ ለተማሪዎቻቸው መድረክም ተውኔቶችን አዘጋጅተዋል። ይህን ያህል ሸክም ተሸክመው የጻፉትን በአድናቆት ብቻ ማለፍ ቀላል ነው። ሸክሙ ቢጋራላቸው ኖሮ ምን ያህል በጻፉ ነበር ብሎ መጠየቅ ግን ይከብዳል።

እንግሊዛዊቷ ቨርጂኒያ ዉልፍ በ1929 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ሴት ደራሲ የራሷ ክፍልና በዓመት 500 ፓውንድ ገቢ ያስፈልጋታል ብላ ነበር። ለጉርድ ሾላ ነዋሪ የኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ እንኳ በዕጣ የሚገኝ በመሆኑ ይህ ሩቅ ይመስላል። አሜሪካዊቷ ቶኒ ሞሪሰን ለዚህ ሁኔታ ይበልጥ ትቀርባለች። ሁለት ወንዶች ልጆቿን ብቻዋን እያሳደገች፣ በመጽሐፍ አሳታሚ ድርጅት ውስጥ አርታኢ ሆና እየሠራች፣ ልጆቿ ከመንቃታቸው በፊት በማለዳ ትጽፍ ነበር። የመጀመሪያ ልቦለዷ በ1970 እ.ኤ.አ. ታተመ። እሷ የምትወስደው የራሷን እንቅልፍ ነበር፤ የሌላ ሰው ሰዓት የሚሰጣት አልነበረምና።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የሚከተሉት ሐሳቦች ለውይይት ያህል ይቀርባሉ።

በመጀመሪያ፣ ሰዓቱ በግልጽ ይወሰን፤ በስምምነትም ይሁን። በስርቆት የሚገኝ ሦስት ሰዓት ከቤተሰብ ጋር ተመክሮበት ከተገኘ አንድ ሰዓት አይበልጥም። ያለ ስምምነት የሚጻፍበት ሰዓት በሩ እስኪንኳኳ በፍርሃት የሚጠበቅ ነውና። በሳምንት አራት ቀን አንድ አንድ ገጽ ብቻ የሚጽፍ ሰው በዓመት ከ200 ገጽ በላይ ይኖረዋል። ይህ ለአንድ ልቦለድ በቂ ነው። እንቁላልም ቀስ በቀስ በእግሩ እንደሚሄድ የታወቀ ነው።

ሁለተኛ፣ የተወሰደው ይመለስ። በምሳሌው የተጠቀሱት ባልና ሚስት፣ ማክሰኞና ሐሙስ ምሽት የሱ፣ ሚስት ተረኛ ካልሆነች ረቡዕና ቅዳሜ የሷ እንዲሆን ሊስማሙ ይችላሉ። በሷ ምሽት ልጆቹን የሚያበላው፣ ውሃውን የሚቀዳው፣ በሩን የሚከፍተው እሱ ነው። ሠራተኛዪቱ ትምህርት ቤት የምትሄድበት ሰዓት ከሁለቱም ስምምነት ውጭ ሆኖ አይነካም። ይህ ዋጋ አለው። በአንድ ዓመት ያልቅ የነበረው ልቦለድ ሁለት ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ዋጋውን አውቆ መክፈል ግን ሌላው ሳያውቅ ከማስከፈል ይሻላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ መባሉ ለእንዲህ ያለው ቤት ነው።

ሦስተኛ፣ የድርሰት ሥራ በየዓይነቱ ይከፈል። የመጀመሪያው ረቂቅ ጸጥታ ይፈልጋል፤ የተጠበቀው ሰዓት ለሱ ይዋል። የተጻፈውን ማንበብ፣ ስም መምረጥ፣ ንግግር ማረም፣ የሰማውን መመዝገብ ግን በታክሲ ሰልፍም፣ በርሜል እስኪሞላም፣ ልጅን ከክትባት ጣቢያ እስኪጠሩም ሊሠራ ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ትንሽ ደብተር ነው። ከዚህም ጋር ሾላ በድፍን መሆኑ አይዘንጋ። ገና ያልተጻፈውን ልቦለድ በየቡና ቤቱ የሚተርክ ሰው ሰዓቱንም ልቦለዱንም እዚያው ጨርሶ ይመለሳል።

አራተኛ፣ ከማኅበራዊ ኑሮ ጋር ጠብ አይፈጠር። ዕድር፣ ለቅሶ፣ ክርስትና፣ ሠርግ ጊዜ ይወስዳሉ፤ እውነት ነው። ነገር ግን ለቅሶ መድረስን እንደ ኪሣራ የሚቆጥር ጸሐፊ ስለ ማን ሊጽፍ ነው? ሊቀር የሚችለውን ግብዣ ማስቀረት ይቻላል፤ ሐዘንተኛውን ማስቀረት ግን አይቻልም። በድንኳን ውስጥ የሚነገረውን በጸጥታ መስማትም የደራሲ ሥራ ነው።

አምስተኛ፣ መጻፍ የማይቻልበት ወቅት መኖሩ ይታመን። ልጅ ሲወለድ፣ ወላጅ ሲታመም፣ በሰኔ ወር በጀት ሲዘጋ፣ ብዕር ሊቀመጥ ይችላል። ልዩነቱ አቀማመጡ ላይ ነው። ዝም ብሎ የተተወ ድርሰት ከወራት በኋላ ሲከፈት እንግዳ ይሆናል። ስለዚህ ከማቆም በፊት ቀጥሎ የሚመጣው ምን እንደ ሆነ በአንድ ገጽ ይጻፍ፤ የሚመለሱበትም ቀን ተቆርጦ ለቤተሰቡ ይነገር። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. ተወልደው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው፤ 56 ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነበር ማለት ነው። የዘገየ መጽሐፍ ሁሉ የቀረ መጽሐፍ አይደለም።

በመጨረሻም ማኅበሩ ራሱ የሚጠየቀው ነገር አለ። ስብሰባው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሲጠራ፣ አዳራሹ ውስጥ ያልተገኙት እነማን ናቸው? ልጅ የሚይዝላቸው ያጡት አይደሉምን? ለልጆች አንድ ክፍል ቢዘጋጅ፣ በተራ የሚጠብቅ አባል ቢመደብ፣ ያልተጨረሰ ረቂቅ የሚነበብበት ምሽት ቢኖር፣ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ማኅበራት ያለቀን መጽሐፍ ለማስመረቅ ይተጋሉ። የቆመን ደብተር ለማስቀጠልም ያንኑ ያህል ቢተጉ፣ በየሻንጣው ከተቀመጡት መካከል ጥቂቶቹ ወደ ማተሚያ ቤት ይደርሱ ይሆናል።

የተከበራችሁ አባላት፤ ከዚህ አዳራሽ የሚወጣ ሰው ሁሉ ዛሬ ማታ ወደ ቤቱ ይገባል። ምናልባት ጥቂት ለመጻፍ አስቦ ይሆናል። ከመቀመጡ በፊት ግን በቤቱ ያለውን ሌላ ሰው «አንቺስ ምን ትተሻል?» ወይም «አንተስ ምን ትተሃል?» ብሎ ቢጠይቅ መልካም ነው። መልሱ ረጅም ከሆነ የዛሬው ማታ ሳይጻፍ ቢያልፍም ግድ የለም። ነገ የሚጻፍበት ሰዓት የማን እንደ ሆነ ታውቋልና።

የሥራና የጽሕፈት ዘመኑ ለሁሉም የተባረከ ይሁን።